ቀድማት የተማረችው ጥላ

ዙሪያሽ ይመር ሻንጣዋን አስራ ሳትጨርስ፣ ጥላዋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተምራ፣ አቋርጣ ወጥታ ነበር።

ውጤቱ የደረሰው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ዙሪያሽ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ብርድ ልብሷን ታጥፋለች። አባቷ ይመር እንድሪስ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ የሻንጣዋን የተበጠሰ ማንገቻ ይሰፋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ በራና ሁለቱም ቀና አሉ።

«የዙሪያሽ ይመር ጥላ። ትምህርት፦ ሕክምና። በሁለተኛ ዓመት፣ ጥር ወር ላይ አቋርጣለች። ምደባው አልጸደቀም።» ከስሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ «አማራጭ፦ የመድኃኒት መጋዘን አያያዝ፣ አንድ ዓመት። የአዲስ ተማሪዎች ገለጻና ምዝገባ ሰኞ ይጀመራል።»

ይመር መኪናውን አቆመ። አንብቦታል፤ ግን ያነበበውን አላመነም።

«ምን ይላል?»

«አቋረጠች ይላል።»

«ማን?»

«እኔ» አለች ዙሪያሽ።

በዚያ ዘመን በሐርቡም ሆነ በሌላ ከተማ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ጥላው ቀድሞ ሲመረቅ ነበር። ወንበሩ ጥቂት ነው፤ ለማይጨርስ ሰው አይሰጥም። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ሁሉ ጥላው ከቤቱ ንግግር፣ ከቤቱ ውሃ ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ ይቀረጽና ይላካል፤ ተራው ሲደርስ የዓመታቱን ትምህርት በአንድ ሰዓት ተምሮ፣ ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ ውጤቱን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ቤተሰብ ሁሉ ይጠነቀቃል። ልጅ ሲቆጣ «ጥላህ ይሰማል» ይባላል። ባልና ሚስት የሚጣሉት ውጭ ወጥተው ነው። በሽታም ካለ በሹክሹክታ ነው የሚነገረው።

ሐሙስ ዕለት የጎረቤታቸው የእትዬ ሎሚ ልጅ የኑርዬ ጥላ በምህንድስና በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ ነበር። በግ ታርዷል፤ ድንኳን ተጥሏል። ኑርዬ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ጥቁር ጋውን ለብሶ እንደ ሙሽራ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «እንኳን ደስ ያለህ ኢንጂነር» የሚለውን ሁሉ ሲጨብጥ ዋለ። ዙሪያሽም ጨብጣዋለች። የራሷ ውጤት እስኪመጣ ሁለት ቀን ነበር የቀራት፤ አልፈራችም ነበር።

አሁን ግን ፈራች። ያስፈራት ማቋረጧ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን አለማወቋ ነው። ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ያንን ቀንና ተከታዩን ራሷን ስትመረምር ዋለች። ሰነፍ ነኝ? ደም እፈራ ይሆን? ፍቅር ይዞኝ ይሆን? እትዬ ሎሚ ዳቦ ቆሎ ይዘው ሊያጽናኑ መጥተው ነገሩን አባባሱት።

«ጥር ላይ ነው ያቋረጠችው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሆዷን በዓይናቸው እየለኩ። «ጥር እኮ የሠርግ ወር ነው።»

ይመር «ሎሚ፣ ተይ» አላቸው። ሚስቱ የሞተችው ዙሪያሽ ድክ ድክ ስትል ነው። ከዚያ ወዲህ ለልጁ እናትም አባትም እሱ ነው፤ ልጁን በአግቦ የሚነካበትን ሰው አይወድም። ወደ ዙሪያሽ ዞሮ፣ «ሻንጣሽን እሰሪ» አለ። «እንሄዳለን። እዚያው ደርሰን እንጠይቃለን።»

ሰኞ ጧት የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነበሩ። አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱ ነባር ተማሪዎች እየተቀበሉ ለእያንዳንዱ ክንድ ላይ ጥብጣብ ያስራሉ፦ ጥላው ለተመረቀ አረንጓዴ፣ አማራጭ ለተሰጠው ቢጫ። ለዙሪያሽ ቢጫ ታሰረላት። ከፊቷ ያለውን ልጅ አስተናጋጁ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ሦስተኛ ዓመት ላይ ባዮኬሚስትሪ ይከብድሃል፤ ጥላህ ሁለቴ ነው የወሰዳት» ሲለው ልጁ ዛሬ የወደቀ ይመስል አንገቱን ደፋ። ዛፍ ስር ሁለት ልጃገረዶች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ፊት ለፊት ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው፤ ጥላዎቻቸው ግን አምስት ዓመት አንድ ዶርም ኖረዋል። «መጨረሻ ላይ ምነው ኮራሽብኝ?» ትላለች አንደኛዋ።

የሬጅስትራሯ ወይዘሮ አልጋነሽ ቢሮ ሕንጻው ጫፍ ላይ ነው። ይመር ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዙሪያሽ ብቻዋን ገባች።

«የመድኃኒት መጋዘን አያያዝ» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ ጥብጣቧን አይተው። «ጥሩ ሥራ ነው። እጅሽን የፊርማው መስታወት ላይ አስቀምጪ፤ ያልቃል።»

«ምክንያቱን ማወቅ ፈልጌ ነበር።»

«ምክንያት ውጤት ላይ አይወጣም።»

«መጠየቅ ይቻላል አሉኝ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ቀና ብለው አዩዋት። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር መናገር የሰለቻቸው ሴት ናቸው። «ይቻላል» አሉ። «ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ከራስ ጋር ማውራት ደስ አይልም።» በጎን ያለውን ጠባብ በር አሳዩዋት።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ ማያ ብቻ አለ። ማያው ሲበራ ዙሪያሽ ራሷን አየች፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ስር ጠቁሯል፣ ዙሪያሽ ገዝታው የማታውቀው ሰማያዊ ሻሽ አስራለች። ነጠላዋን ተከናንባ ደረቷ ላይ ቦርሳ አቅፋለች።

«መጣሽ?» አለች ጥላዋ።

ዙሪያሽ ያሰበችው ጥያቄ ሁሉ ጠፋት። «ለምን አቋረጥሽ?» ብቻ አለች።

«አባዬ ታመመብኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ኩላሊቱ ነው። እግሩ ያብጥ ነበር። የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ መሄድ ጀመረ፤ ስጠይቀው ደክሞኝ ነው ይለኛል። እኔም ፈተና ስላለብኝ አመንኩት። ጥር ላይ እትዬ ሎሚ ደወሉልኝ። ሆስፒታል አስገብተውት ነበር። ፈተናውን ትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።»

«ከዚያስ? ዳነ?»

ጥላዋ ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። «አላውቅም። ትምህርቴን ሳቋርጥ እኔንም አቆሙኝ። እዚሁ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ሐርቡ አልደረስኩም።»

ዙሪያሽ ስትወጣ ይመር ከወንበሩ ተነሣ። «ምን አለችሽ?»

«ትምህርቱ ከበዳት።»

«አንቺን?» አለ አባቷ። «አንቺን ትምህርት ከበደሽ?»

ዓይኗ ጫማው ላይ ነበር፤ ማሰሪያው ተፈትቷል። ልትናገር አፏን ስትከፍት አስተናጋጇ መጥታ ቢጫዎቹ ሁሉ ዶርምና ካፍቴሪያ ሊጎበኙ ነው ብላ ጠራቻት። «ሂጂ፣ ሂጂ፤ እኔ እዚህ ነኝ» አላት ይመር። ስትመለስ እነግረዋለሁ ብላ ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ የሆነውን የነገሯት ወይዘሮ አልጋነሽ ራሳቸው ናቸው። ይመር አንኳኩቶ ገባ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ የልጁን ምክንያት ጠየቀ። አባት ስለሆነ መብቱ ነው።

«ምክንያቱ እርስዎ ነዎት» አሉት። «ለእርስዎ ብላ ትመለሳለች።»

ይመር፣ «እኔ ባልኖርስ?» አለ።

«ባይኖሩ ማለት?»

«አባቷ ባልሆን።»

የሚሆንበት መንገድ ነበር፤ በመዝገብ መለያየት ይባላል። የወጣው ልጆቻቸውን ለሚደበድቡ ወላጆች ነው፤ አሁን አሁን ግን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት በምዝገባ ሳምንት ነው። ልጅቷ እስክትመረቅ ስልክ መደዋወል፣ መጠያየቅ፣ አብሮ መታየት የለም። ከታየ ምደባው ይታጠፋል። ይመር ይህን ሁሉ ሰማ። እጁን መስታወቱ ላይ ከማስቀመጡ በፊት በሱሪው ጠረገው።

ዙሪያሽ ካፍቴሪያው ውስጥ ሳለች ክንዷ ላይ ያለው ጥብጣብ ወደ አረንጓዴ ተቀየረ። መጀመሪያ የተበላሸ መሰላት። ከዚያ መልእክቱ መጣ፦ ጥላዋ እንደገና ተልካ ሕክምናን በከፍተኛ ማዕረግ ጨርሳለች፤ ምደባው ጸድቋል። ዙሪያሽ ጮኸች። አጠገቧ ያለችውን የማታውቃትን ልጅ ሳመቻት። የተሳሳቱት እነሱ ናቸው፣ አባዬም ደህና ነው ማለት ነው ብላ እየሮጠች ኮሪደሩ ጋ ደረሰች። አግዳሚው ላይ ሻንጣዋ ብቻ ነበር።

«አባትሽ ሄደዋል» አላት ጥበቃው። «ደህና ሁኚ በልልኝ ብለዋል።»

ደወለች። «ይህ ሰው በመዝገብሽ ውስጥ የለም» አላት ስልኳ።

ጠባቡ በር አልተቆለፈም ነበር። ማያው ላይ ያለችው አሁን ሌላ ናት፤ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰች፣ የምትስቅ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች ጥላዋ። «በጣም ደስ የሚል ስድስት ዓመት ነው።»

«አባዬ እንዴት ነው?»

«የትኛው አባዬ?» አለች፤ በክፋት አይደለም። ሰምታው የማታውቀውን ሰፈር የተጠየቀች ትመስላለች።

ዙሪያሽ ወይዘሮ አልጋነሽ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። «ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ራሳቸው ናቸው የጠየቁት።»

«እንደታመመ ነገራችሁት?»

«ምክንያቱ እሳቸው መሆናቸውን ነግሬያቸዋለሁ።»

«እሱን አይደለም! ኩላሊትህን ታመሃል፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብሎ የነገረው አለ? የቤታችንን ውሃ ሳይቀር መርምራችሁ ያወቃችሁትን ለእሱ የነገረው ሰው አለ?»

ወይዘሮ አልጋነሽ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው የሚያውቁ አይመስሉም። «እኛ ሬጅስትራር ነን፣ ልጄ» አሉ። «ጤና ቢሮ አይደለንም።»

መናኸሪያው ሩቅ አልነበረም። የሐርቡ አውቶቡስ ገና እየጫነ ነው። ይመር በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ሲያያት እንደ ሌባ ደነገጠ።

«ውረጂ! ያዩሻል!»

«ይዩኝ።»

«ዙሪያሽ፣ ወላሂ፣ አታበላሺው። ተስተካክሏል እኮ። እኔ ምን እሆናለሁ? እሰፋለሁ፣ እበላለሁ። አንቺ ስትመረቂ እንገናኛለን።»

«ጫማህን አውልቅ።»

«ምን?»

«ጫማህን አውልቅ አልኩህ፣ አባዬ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ያያቸዋል። ይመር እግሩን ወደ ወንበሩ ስር ሸሸገ። ዙሪያሽ መተላለፊያው ላይ ተንበርክካ እግሩን ጎትታ ጫማውን አወለቀች፤ ካልሲውን ዝቅ አደረገችው። የካልሲው ጠርዝ ሥጋው ውስጥ ቀለበት ሠርቷል። በአውራ ጣቷ ቁርጭምጭሚቱን ጫን አድርጋ ለቀቀችው። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። ሁለቱም አዩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከረመዳን ወዲህ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጥላሽ ይሰማ ነበራ!» አለ ይመር። «ሰምታ እንዳትጨነቅብሽ ብዬ ነው። ትማርልሽ ብዬ።»

አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት ጉልበታቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላቸው።

ሆስፒታል የእንግዳ መቀበያው መስታወት ላይ የይመር ስም ሲገባ ተረኛዋ ልጅ ወደ ዙሪያሽ ዞረች። «አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ልጁ።»

ልጅቷ አየችና፣ «ልጅ የለውም» አለች። «ምርመራው አብሮ የሚፈርም ዘመድ ይፈልጋል፤ ውጤትም ለማንም አንናገርም። አጎት ወይ ወንድም ጥሩ።»

«ወንድም የለውም። መለያየቱን ሰርዢው።»

ልጅቷ አረንጓዴውን ጥብጣብ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምደባሽ አብሮ ይታጠፋል» አለች። «ታውቂያለሽ አይደል? የአማራጩም ምዝገባ ዛሬ ነው የሚዘጋው። ከዚህ ሄደሽ አትደርሽበትም።»

ይመር የልጁን ቀኝ እጅ አንጓዋ ላይ ጥፍንግ አድርጎ ያዛት። «ተይ» አላት። «ልለምንሽ። ተይ።»

ዙሪያሽ አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም። እጇን ልታስለቅቀው አልታገለችም። ግራ እጇን መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። ጥብጣቡ ቢጫ እንኳ አልሆነም፤ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

ውጤቱን የነገረቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ደም ግፊቱ ሳይታወቅበት ኖሮ ኩላሊቱን ጎድቶታል አለች፤ ግን ገና ነው። መድኃኒት ይወስዳል፣ ጨው ይተዋል፣ በየሦስት ወሩ ይታያል። እንዲህ ከጠበቀ ብዙ ዓመት ሊሰፋ ይችላል፤ ባይመጣ ኖሮ ግን ዓመት ከመንፈቅም የሚያቆየው አይመስላትም ነበር። «በዚህ ደረጃ ላይ ራሱ አስቦ የሚመጣ ሰው የለንም» አለች እየጻፈች። «ማን ነገራችሁ?»

«አንዲት ልጅ» አለች ዙሪያሽ።

በማግስቱ ይመር የመድኃኒቱን ከረጢት ይዞ ዩኒቨርሲቲው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ዙሪያሽ እንደገና ገባች። ወይዘሮ አልጋነሽ ሲያዩዋት አልተገረሙም። ሁለተኛው ውጤት ተሰርዟል፣ የመጋዘኑም ምዝገባ ትናንት ተዘግቷል አሉ። ጥላም ከሁለት ጊዜ በላይ አይላክም።

«እሱ እኮ እየታከመ ነው» አለች ዙሪያሽ። «የመጀመሪያዋ ያየችው አሁን እውነት አይደለም።»

«ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የማውቅበት መንገድ የለኝም።» ወይዘሮ አልጋነሽ በሩን አዩት፤ ተዘግቷል። «አንድ ነገር አለ» አሉ ዝግ ብለው። «ደንቡ ውስጥ አለ፤ እኛ ግን አናወራውም። በራስ ኃላፊነት መመዝገብ ይባላል። ያለ ጥላ ነው። ዶርም የለውም። የምትመዘገቢው አንድ ሴሚስተር፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሴሚስተር እያልሽ ነው። እንደምትጨርሺ የሚነግርሽ የለም። አንዴ ካቋረጥሽ ደግሞ፣ በማንኛውም ምክንያት፣ ወደ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ አትመለሺም።»

«ስንት ሰው ተመዝግቦበታል?»

«እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ? ማንም።»

ዙሪያሽ በኮሪደሩ መስኮት በኩል አባቷን አየችው። ከረጢቱን ከፍቶ እንክብሉ ላይ የተጻፈውን ፀሐይ ላይ ይዞ ሊያነብ ይሞክራል። መድኃኒቱ ባያድነውስ? በጥር ስልክ ቢደወልስ? የት ነው የማድረው?

«መዝግቡኝ» አለች።

መስታወቱ እጇን ሁለት ጊዜ አልቀበል አላት። በሦስተኛው ተቀበላት።

«የመጀመሪያዋ ጥላሽ ዛሬ ትጠፋለች» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ። «የምትያት ካለ ግቢ።»

ጥላዋ እንደነበረች ናት፤ ሰማያዊ ሻሽ፣ ደረቷ ላይ የታቀፈች ቦርሳ። ዙሪያሽን ስታይ ወደፊት ዘንበል አለች።

«አባዬ እንዴት ሆነ?»

«ሐኪም አየው። ኩላሊቱ ገና ነው፤ መድኃኒት ጀመረ። ጨው ተከለከለና አኩርፏል።»

ጥላዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርሳዋን ከደረቷ ላይ አንሥታ ጎኗ አስቀመጠች። «በሰዓቱ ደረስሽ ማለት ነው» አለች። ፈገግ ልትል ስትል ማያው ጠፋ።

ዙሪያሽ ጨለማው ማያ ፊት ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወጥታ አባቷን እስከ መናኸሪያው ሸኘችው። አውቶቡሱ ሲነሣ ይመር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ምሳሽን ብዪ!» ብሎ ጮኸ።

የሕክምና ተማሪዎች ገለጻ ተጀምሮ ነበር የደረሰችው። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ሁሉም ክንድ አረንጓዴ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መድረኩ ላይ ያሉት ሽማግሌ መምህር ስለ ላቦራቶሪው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ መታወቂያው ከወረቀት ሲያነቡ ተማሪው ያዛጋል፤ ጥላው ሰምቶታል።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ መምህሩ፣ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ። መልስ አልጠበቁም። ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም።

ዙሪያሽ እጇን አወጣች።

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው እጇን ፈለጉ። «አቤት?»

«ቤተ መጻሕፍቱ በየት በኩል ነው?»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። መምህሩ አልሳቁም። ለረጅም ጊዜ ለማንም መንገድ ያላመለከቱ ሰው ስለሆኑ ጥቂት ማሰብ ነበረባቸው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው በእጃቸው እያሳዩ፣ «በዚህ በኩል ውጪና፣ ልጄ፣ ከትልቁ ዋርካ ወደ ግራ ስትታጠፊ» ማለት ጀመሩ። ዙሪያሽ ደብተሯን ከፍታ ጻፈች።